ተጨማሪ መረጃ፦ ምእመን የሌላት ሀገረ ስብከት

በኢትዮጵያ አቡነ ያዕቆብ ተብለው የሚታወቁት ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1849 ምጽዋ ላይ የጵጵስና ማዕረግ የተቀበሉት በሌሊት፣ በምስጢር ነበር። የሾሟቸው ሌላው ሚስዮናዊ ጳጳስ አቡነ ማስያስ ናቸው። የተሰጣቸው መጠሪያ ግን የትግራይም የምጽዋም አልነበረም፤ «የኒሎፖሊስ ጳጳስ» ተባሉ።

ኒሎፖሊስ በግብፅ በዓባይ ዳር የነበረች ጥንታዊ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ250 አካባቢ የሮም ንጉሠ ነገሥት ዴክዮስ ክርስቲያኖችን ሲያሳድድ ጳጳሷ ኬሬሞን በስተርጅና ከሚስታቸው ጋር ወደ ተራራ ሸሹ። ክርስቲያን ወንድሞች ብዙ ፈለጓቸው፤ እነርሱም አስከሬናቸውም አልተገኘም። ታሪኩን ያቆየልን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ነው። ከጊዜ በኋላ ሀገረ ስብከቷ ራሷ ጠፋች፤ ስሟ ግን በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ቀረ።

ለአቡነ ያዕቆብ የጠፋች ሀገረ ስብከት ስም የተሰጠበት ምክንያት ይህ ነው፦ በጥንቱ ሥርዓት ጳጳስ ያለ ሀገረ ስብከት አይሾምም። ስለዚህ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሚስዮን አገር ለሚያገለግሉና ለረዳት ጳጳሳት የጠፉ መንበሮችን ስም ትሰጣለች። እነዚህ መንበሮች ቀድሞ «በኢአማንያን አገር ያሉ» ይባሉ ነበር፤ አጠራሩ እ.ኤ.አ. በ1882 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ ዘመን ተቀየረ።

ልማዱ ዛሬም አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ ሶዶና ሐዋሳ ገና ሐዋርያዊ ቪካርያት እንጂ ሙሉ ሀገረ ስብከት አይደሉም፤ እንዲህ ያለ ቪካርያት የሚመራ ጳጳስም የአንድ ጥንታዊ ከተማ ስም ይይዛል። ተማሪዎች የአንድ ቪካርያት ጳጳስ ስም ስታገኙ አብሮት የተጻፈውን ከተማ በካርታ ፈልጉ።