የኅብረት ሥራ ማኅበራት የቦርድ ስብሰባ አጀንዳ አዘገጃጀት

የኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አመራር ቦርድ ወይም ኮሚቴ የሚያሳልፋቸው ውሳኔዎች የአባላትን ቁጠባ፣ ብድርና የግብርና ግብዓት አቅርቦት በቀጥታ ይነካሉ። ስብሰባው ዋናውን ጉዳይ ሳይወስን ቢበተን ጉዳቱ የሚደርሰው ማዳበሪያው በወቅቱ ባልቀረበለት አርሶ አደር ላይ ነው። ይህን ለመከላከል አጀንዳ ሲዘጋጅ የሚከተሉትን ነጥቦች ማሟላት ይገባል።

ሥልጣንን መለየት፦ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። በመሆኑም መተዳደሪያ ደንብ ማሻሻልን የመሳሰሉ ጉዳዮች በቦርዱ አይቋጩም፤ ቦርዱ የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጅቶ ለጉባኤው ያቀርባል። ከእያንዳንዱ አጀንዳ አጠገብ «ለውሳኔ»፣ «ለውይይት»፣ «ለመረጃ» ወይም «ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ» የሚል መግለጫ ማስፈር ያስፈልጋል።

ጉዳዩን በግልጽ መጻፍ፦ «ማዳበሪያን በተመለከተ» የሚል አጀንዳ ተሰብሳቢው ምን እንደሚጠበቅበት አያመለክትም። «ለመኸር ወቅት ማዳበሪያ ማጓጓዣ የቀረቡ ዋጋዎችን መርምሮ አጓጓዥ መምረጥ» ቢባል ግን እያንዳንዱ አባል ተዘጋጅቶ ይመጣል።

ቅደም ተከተልና ጊዜ፦ የምልዓተ ጉባኤ መሟላት ከተረጋገጠና ያለፈው ቃለ ጉባኤ አፈጻጸም በአጭሩ ከታየ በኋላ ውሳኔ የሚሹ ጉዳዮች ይቅደሙ፤ ሪፖርቶች ይከተሉ። ለምሳሌ ለሁለት ሰዓት በተጠራ ስብሰባ ለዋናው ጉዳይ 45 ደቂቃ ቢመደብ፣ የጊዜው መጠን በአጀንዳው ላይ ሊጻፍ ይገባል።

ሰነዶችን አስቀድሞ ማድረስ፦ ጸሐፊው ከሰብሳቢው ጋር ተመካክሮ አጀንዳውን ከሒሳብ መግለጫና ከዋጋ ማወዳደሪያ ጋር በመተዳደሪያ ደንቡ በተወሰነው ጊዜ ያሰራጫል። ደንቡ ጊዜ ካልወሰነ አባላት አንብበው ለመምጣት የሚበቃቸው ቀን መሰጠት አለበት።

«ልዩ ልዩ» የሚለውን መገደብ፦ ገንዘብ የሚያስወጣ ወይም ብድር የሚያስፈቅድ ጉዳይ፣ ተሰብሳቢው በደከመበትና አንዳንዱ በሄደበት ሰዓት በ«ልዩ ልዩ» ሥር ቀርቦ መወሰን የለበትም። እንዲህ ያለ ውሳኔ በአባላት ዘንድ ጥርጣሬን ያሳድራል፤ በኦዲት ወቅትም ማብራሪያ ያስጠይቃል። አስቸኳይ ጉዳይ ቢያጋጥም ስብሰባው ሲከፈት ቀርቦ በአጀንዳነት ይጽደቅ።

ስብሰባው ሲጠናቀቅ የተወሰነው ጉዳይ፣ ፈጻሚውና የመጨረሻው ቀን በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ ይፈረማል፤ የቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳም ከዚሁ ይነሣል። በአዘገጃጀቱ ላይ ድጋፍ የሚፈልጉ ማኅበራት በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ።