የሞቶክሮስ ዘጋቢ ፊልሞች ለምን ይማርካሉ?

ሞቶክሮስ ኮረብታና ጉብታ በበዛበት የአፈር መም ላይ የሚካሄድ የሞተርሳይክል እሽቅድምድም ነው። በዚህና በመሰል ውድድሮች ላይ ከተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች ገናና የሆነው፣ ብሩስ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረበውና ለኦስካር ሽልማት የታጨው «ኦን ኤኒ ሰንደይ» ነው። እንዲህ ያለ ውድድር በአካባቢው አይቶ የማያውቅ የዘነበወርቅ ወጣት እንኳ ከእነዚህ ፊልሞች ዓይኑን መንቀል ያቅተዋል። ለምን ይሆን? ከተወዳዳሪዎቹ ድፍረት ባሻገር አንድ የፊዚክስ ምክንያት አለ።

ከ5 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ለመውረድ የሚፈጀው ጊዜ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት የሚሆነውን ሁሉ ዓይናችን ለይቶ አይከታተልም። ሆኖም ካሜራው በሰከንድ 240 ምስል አንሥቶ፣ ፊልሙ በተለመደው 24 ምስል በሰከንድ ሲታይ፣ አንዷ ሰከንድ 10 ሰከንድ ትሆናለች። ያን ጊዜ የተፈጥሮ ሕግ በግልጽ ይታያል።

ነጂው መሬት ከለቀቀ በኋላ የእሱና የሞተሩ የጋራ የክብደት ማዕከል የሚጓዝበትን ጠማማ መስመር ሊለውጥ አይችልም። ሊለውጥ የሚችለው የሞተሩን አቀማመጥ ነው። ነዳጅ ሲሰጥ የኋላው ጎማ ይበልጥ ይፈጥናል፤ የሞተሩ አካልም በተቃራኒው ዞሮ አፍንጫው ቀና ይላል። የኋላውን ፍሬን ሲይዝ ደግሞ አፍንጫው ይዘቀዝቃል። ይህም የአንጉላር ሞመንተም አለመለወጥ ሕግ ውጤት ነው።

ይሁን እንጂ ተመልካች ብዙውን ጊዜ የማያስተውለው ማረፊያውን ነው። ከ5 ሜትር የወረደ ነጂ ቁልቁል ያለው ፍጥነት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ማረፊያው ከአወራረዱ ጋር የሚስማማ ተዳፋት ከሆነ፣ መሬቱ የሚያቆመው ከፍጥነቱ ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ፊት ይቀጥላል። በደልዳላ አስፋልት ላይ ግን ይህ ቁልቁል ፍጥነት በሙሉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በምትተጣጠፍ አሞርዛተር ውስጥ መቆም አለበት። ይህም በአማካይ ከነጂው ክብደት ከ16 እጥፍ በላይ የሆነ ኃይል ይጠይቃል።

ዘነበወርቅ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው የአለርት ሆስፒታል መገኛ ነው፤ ሆስፒታሉ ዛሬ አደጋ የደረሰባቸውንም ያክማል። በፊልም ያየውን ዝላይ በሰፈር መንገድ ሊሞክር የሚያስብ ወጣት፣ የተወዳዳሪው ሕይወት ከክንዱ ብርታት ይልቅ በተዳፋቱ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። ውድ አንባቢያን፣ እንዲህ ያለ ፊልም ዳግም ስትመለከቱ ዓይናችሁን ከነጂው አንሥታችሁ የሚያርፍበትን አፈር አስተውሉ።