የመሬት መንቀጥቀጥ ካለፈ በኋላ ድልድይ ለምን ተዘግቶ ይቆያል?

የመሬት መንቀጥቀጥ ካለፈ በኋላ አንዳች ስንጥቅ የማይታይበት ድልድይ ለተሽከርካሪ ዝግ ሆኖ ሲቆይ ቅሬታ መነሣቱ አይቀርም። ሆኖም ከላይ የሚታየው የድልድዩ ክፍል ከሥሩ ስላለው መሠረት የተሟላ ማስረጃ አይሰጥም።

የወንዝ ዳርቻ አፈር ብዙውን ጊዜ ልል በመሆኑ በርካታ ድልድዮች በፓይል ላይ ይቆማሉ። ፓይል ከብረት ወይም ከአርማታ የሚሠራ፣ ልሉን አፈር አልፎ ወደ ጠንካራው ንብርብር እንዲዘልቅ የሚተከል ረጅም የመሠረት ምሰሶ ነው። ጭነቱን የሚሸከመውም ጫፉ በሚያርፍበት ጠንካራ መሬትና ዙሪያውን ከያዘው አፈር ጋር ባለው ሰበቃ ነው።

መሬት ሲንቀጠቀጥ ፓይሉ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። ከላይ የድልድዩ ክብደት እየተወዛወዘ አናቱን ይገፋዋል፤ ከጎን ደግሞ አፈሩ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ያጎብጠዋል። ከሁሉም የከፋው ውሃ ያዘለ ልል አሸዋ ነው። ንዝረቱ አሸዋውን ሊያጠጋጋው ሲል በመካከሉ ያለው ውሃ መውጫ ያጣና ግፊቱ ይጨምራል፤ የአሸዋው ቅንጣቶች እርስ በርስ መደጋገፋቸው ይቀራል፤ አፈሩም ለጊዜው እንደ ፈሳሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ፓይሉ የጎን ድጋፉን ያጣል፤ ወደ ወንዙ የሚንሸራተት አፈር ካለም ይገፋዋል።

በጃፓን ኒጋታ ከተማ የደረሰው ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። በሺናኖ ወንዝ ላይ የተሠራው የሾዋ ድልድይ ተጠናቆ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1964 በመጠን 7.5 የተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ድልድዩ የቆመው 25 ሜትር ገደማ ርዝመት ባላቸው የብረት ቱቦ ፓይሎች ላይ ነበር። የዓይን እማኞች እንደተናገሩት የድልድዩ ወለል ወደ ወንዙ የወደቀው ኃይለኛው ንዝረት ካለፈ በኋላ ነው። በኋላም ከመሬት ተነቅሎ የተመረመረ ፓይል ከወንዙ ወለል በታች ጎብጦ ተገኝቷል። በዚያው ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1929 የተሠራውና መሠረቱ ግዙፍ የሆነው የባንዳይ ድልድይ ግን ሳይፈርስ ቀርቷል፤ አዲስነት ብቻውን ዋስትና አልሆነም።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣችው የድልድይ ንድፍ መመሪያ አሸዋው እንደ ፈሳሽ የመሆን ዕድሉ አስቀድሞ እንዲመረመርና ወለሉ ከምሰሶው ተንሸራቶ እንዳይወድቅ የሚከላከል ዘዴ እንዲኖር አድርጋለች። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ፓይሉን ወደ ጠንካራው ንብርብር በጥልቀት ማስገባት፣ አርማታውን በተቀራረቡ የብረት ቀለበቶች ማጠንከርና ልሉን አሸዋ አስቀድሞ መጠቅጠቅ የተለመዱ መፍትሔዎች ናቸው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። ስምጥ ሸለቆ አገሪቱን አቋርጦ ያልፋል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና አካባቢው የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥም በርካታ ነዋሪዎችን ከቀያቸው ማፈናቀሉ ይታወሳል።

በመሆኑም ከጠንካራ ንዝረት በኋላ ባለሙያዎች የምሰሶዎቹን ዝንባሌና የወለሉን ከፍታ ይለካሉ፤ ጥርጣሬ ሲኖርም የፓይሉን አናት ቆፍረው ያያሉ። ይህ ሥራ ጊዜ ይወስዳል። ነዋሪዎች በድልድዩ መግቢያ ላይ አዲስ እርከን፣ የተጣመመ የእጅ መደገፊያ፣ ያዘነበለ ምሰሶ ወይም በዳርቻው ከመሬት የፈለቀ አሸዋና ውሃ ሲመለከቱ፣ ድልድዩን ሳይሻገሩ በአቅራቢያቸው ለሚገኝ የትራፊክ ፖሊስ ወይም ለሚመለከተው የመንገድ መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቁ ይመከራል።