ደም፣ መሐላና ዝምታ፦ በአንድ የ«ፗሮ» ክፍል ላይ የተሰነዘሩ የተመልካች አስተያየቶች ከአውጫጭኝ ልማድ አንጻር

በብሪታንያው አይቲቪ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2013 የቀረበው የ«ፗሮ» ተከታታይ ድራማ በአጋታ ክሪስቲ ልቦለዶች ላይ የተመሠረተ ነው። ከክፍሎቹ ተመልካቹን አጥብቆ ያከራከረው በ2010 የቀረበው «ግድያ በኦሪየንት ኤክስፕረስ» ነው። ክርክሩ በፍጻሜው ላይ ስለሆነ ድራማውን ያላየ አንባቢ ከወዲሁ ይወቀው።

በበረዶ በታገተ ባቡር ውስጥ አንድ ሰው ተወግቶ ይገኛል። ሟቹ ሕፃን አግቶ የገደለ፣ ከፍርድም ያመለጠ ነው። የወጉት ደግሞ በሕፃኗ ሞት የተጎዱ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። በ1974ቱ ፊልም ታሪኩ በጽዋ ማንሣት ያበቃል፤ በ2010ሩ ግን ዴቪድ ሱሼ የተጫወተው ፗሮ እውነቱን ሸሽጎ፣ መቁጠሪያውን ጨብጦ፣ እያነባ ይሄዳል። አንዳንዱ ተመልካች ይህ ጨለማ በመጽሐፉ የለም ሲል፣ ሌላው ለግድያ የሚገባውን ክብደት መለሰለት ይላል።

ጉዳዩን ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ባቡሩ እንግዳ አይሆንበትም። በአውጫጭኝ (አፈርሳታም ይባላል) ገዳዩ ያልታወቀ ደም ሲፈስ የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የተሰበሰበው ይምላል፤ ወንጀለኛው ሳይታወቅ መበተን የለም። በግልጽ ለመናገር የፈራ በ«ወፍ» ስም ለተመረጡት ሽማግሌዎች ሹክ ይላል። የልማዱ መነሻ አገር የሚያውቀው ነገር አይሰወርም የሚል ነው። ወንጀለኛው ካልተገኘ ዕዳው በነዋሪው ሁሉ ላይ ይወድቃል። ዝምታ ዋጋ አለው ማለት ነው።

በባቡሩ ግን ወፍ የለም። መስካሪውም ገዳዩም አንድ ናቸው፤ መሐላቸውም እውነቱን ለማውጣት ሳይሆን ለመሰወር ነው። እንዲህ ያለውን ማኅበር አውጫጭኝም ቢሆን የሚፈታው አይመስለኝም። የዝምታውን ዕዳ አሥራ ሁለቱ ስላልከፈሉት በፗሮ ላይ ወደቀ። ስለዚህ የ2010ሩን ፍጻሜ «ከልክ ያለፈ ሐዘን» የሚሉትን አልደግፍም፤ ጽዋ የሚነሣበት ፍጻሜ ዕዳውን ከናካቴው ይሰርዘዋል።

ደመኞቹ ግን ጨርሶ መሠረት የላቸውም ማለት አይደለም። በቀድሞው ሥርዓት ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ወገን ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ ወገንም ደሙን መመለስ ወይም የደም ካሳ ተቀብሎ መታረቅ ይችል ነበር። ነገር ግን በደመኛና በገዳይ መካከል ዳኛ ነበረ። አሥራ ሁለቱ የእንግሊዝን ጁሪ ቁጥር ወሰዱ፤ ዳኛውን ግን አስቀሩት።

ሌላው የተተቸው በኢስታንቡል አንዲት ሴት በድንጋይ ስትወገር የሚያሳየው፣ በልቦለዱ የሌለ ትዕይንት ነው። እዚህ ላይ ከተቺዎቹ ጋር ነኝ። ትዕይንቱ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚሰጠውን ፍርድ ሁሉ ከውገራ ጋር አንድ ያደርገዋል፤ ሽማግሌ መርጦ፣ አስምሎ፣ ቃል ሰምቶ የሚፈርድ ሸንጎ መኖሩን ተመልካቹ ከዚያ ሊረዳ አይችልም።