ምርጡ ጠቦት ይሸጥ ወይስ ይቆይ?
የመንዝ በግ አርቢዎችና የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ስሌት

በሰሜን ሸዋ ደጋማ ክፍል፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ከፍተኛ ቦታዎች፣ በግ ለገበሬው ዋነኛ የገንዘብ ምንጭ መሆኑ የታወቀ ነው። በተለይም ውርጭ ገብሱን በሚመታበት ወይም ዝናብ በሚያጥርበት ዓመት የማዳበሪያ ዋጋም ሆነ የልጆች ትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፈነው ከበግ ሽያጭ ነው። ላታምና ሻካራ ጸጉር ያለው የመንዝ በግ ብርድንና የግጦሽ እጥረትን ተቋቁሞ የሚኖር በመሆኑ በአካባቢው ሌላ ዘር በቀላሉ የሚተካው አይደለም።

ይሁን እንጂ በዚህ ሀብት ላይ ለብዙ ዘመን ሲደርስ የቆየ ጉዳት አለ። ነጋዴ ገበያ ሲወጣ የሚመርጠው ፈጥኖ ያደገውን ጠቦት ነው። ገበሬውም የተሻለ ዋጋ የሚያወጣለትን ይህንኑ ጠቦት ገና በለጋነቱ ይሸጣል። በመንደሩ የጋራ ግጦሽ ላይ ከእናት በጎች ጋር የሚቀረው ዕድገቱ የዘገየውና ገዢ ያጣው ነው፤ አውራ ሆኖ የሚያስረግዘውም እርሱ ነው። በዚህ ሁኔታ የመንጋው ዘር ከትውልድ ወደ ትውልድ እየደከመ ይሄዳል።

ይህንኑ ችግር ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ዓለም አቀፍ የምርምር ትብብር ተጀምሯል። በቪየና የሚገኘው የተፈጥሮ ሀብትና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) እና ዓለም አቀፍ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል (ኢካርዳ) ከኢትዮጵያ የምርምር ተቋሞች ጋር የሠሩት ሲሆን፣ በመንዝ በኩል የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ተካፋይ ነበር። ሥራው በአፋር፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በመንዝ በጎች ላይ የተካሄደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በየአካባቢው ሁለት ሁለት የአርቢዎች ማኅበረሰቦች ተመርጠው ወደ ተግባር ሲገባ፣ ከመንዝ የተመረጡት በመሐል ሜዳና በሞላሌ የሚገኙ ናቸው።

ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙበት መሣሪያ ከብዙ አማራጮች መካከል የተሻለውን በሒሳብ ለይቶ የሚያሳይ ስሌት ነው። የዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። ሶቪየታዊው ሊቅ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 የፋብሪካን ምርት በዚህ መንገድ የሚያቅድ ስሌት አቅርበው፣ በ1975 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ለበግ የሚሠራው ስሌት ዓይነቱ ቢለይም ሦስት ነገሮችን መጠየቁ አንድ ነው። የሚፈለገው ግብ ምንድን ነው? ምን ምን አማራጭ አለ? የማይታለፈው ወሰንስ፣ ማለትም መኖው፣ ገንዘቡና የእናት በጎቹ ቁጥር ምን ያህል ነው?

ግቡን የወሰኑት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው። አርቢዎች ከገዛ መንጋቸው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚሏቸውንና የመጨረሻ ደካማ የሚሏትን እናት በግ እየለዩ ምክንያቱን እንዲናገሩ ተደርጓል። ከዚህም በኋላ አማራጮቹ በኮምፒዩተር ተነጻጽረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ጥናት ከጠቦቶች መካከል ከመቶ 10 ወይም 15 ብቻ ለአውራነት ቢቀሩ፣ አውራውም 2 ወይም 3 ዓመት ቢያገለግል የሚገኘው ውጤት ተመርምሯል። ጥቂት መርጦ በአጭር ጊዜ መተካት ዘሩን ፈጥኖ ያሻሽላል።

ነገር ግን የስሌቱ ከባድ ጥያቄ የሚነሳው ምርጡ ጠቦት ይሸጥ ወይስ ይቆይ በሚለው ላይ ነው። ለማስረዳት ያህል ብቻ የሚከተለውን ምሳሌ መመልከት ይቻላል። አንድ አውራ ለ25 እናት በጎች ተመድቦ በሁለት ዓመት 40 ግልገሎች አደጉለት እንበል። በዘር ሊያስተላልፈው የሚችለው የክብደት ብልጫ 2 ኪሎ ቢሆን፣ ግማሹ ለግልገሉ ስለሚተላለፍ እያንዳንዱ ግልገል 1 ኪሎ ያተርፋል። በድምሩ 40 ኪሎ ይሆናል። የጠቦቱ ባለቤት ከ25ቱ እናት በጎች ያሉት 5 ብቻ ከሆኑ የሚደርሰው 8 ኪሎ ነው፤ 32ቱ ኪሎ የጎረቤቶቹ ጥቅም ነው። የመኖው ወጪ፣ የበሽታው ስጋትና ዛሬ ያመለጠው የሽያጭ ገንዘብ ግን የሚያርፈው በእርሱ ላይ ብቻ ነው።

እንግዲህ በቤት ሒሳብ ሲታይ መሸጡ ትክክል ነው፤ በመንደር ሒሳብ ሲታይ ማቆየቱ ትክክል ነው። ገበሬው ምርጡን ጠቦት የሸጠው ባለማወቅ ሳይሆን ሁለቱን ሒሳቦች የሚያገናኝ ድርጅት ባለመኖሩ ነው። ይህንን ክፍተት መሙላት የሚችለው ማኅበር ነው።

በመንዝ የተሠራበት ዘዴም ይኸው ነው። የአርቢዎቹ ማኅበር በተዘዋዋሪ ገንዘብ የተመረጠውን ጠቦት ከባለቤቱ ይገዛል። አውራዎቹ በግጦሽና በሰፈር ለተመደቡ ቡድኖች ይከፋፈላሉ፤ ገዛ ልጆቻቸውን እንዳያስረግዙም ከቡድን ወደ ቡድን ይዛወራሉ። የአገልግሎት ዘመናቸው ሲያበቃ ደልበው ይሸጡና ገንዘቡ ተመልሶ ለሚቀጥለው ግዢ ይውላል።

ውጤቱም ተመዝግቧል። ዶክተር አይናለም ኃይሌና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ጥናት እንደሚያመለክተው የግልገሎች የስድስት ወር ክብደት በመንዝ በዓመት በአማካይ 0.11 ኪሎ ጨምሯል። በቦንጋ 0.21፣ በሆሮ 0.18 ኪሎ ነበር። የመንዙ ጭማሪ ከሁለቱ ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ 110 ግራም በየዓመቱ ሲደራረብ በአሥር ዓመት በእያንዳንዱ ግልገል ላይ ከ1 ኪሎ በላይ ይሆናል።

ያልተመረጡትን ጠቦቶች በተመለከተ መደረግ ያለበት ግልጽ ነው። ለማስረገዝ ሳይደርሱ መኮላሸት ወይም መሸጥ አለባቸው፤ አለበለዚያ በጋራ ግጦሽ ላይ የተመረጠው አውራ ድካም ከንቱ ይሆናል። ሙክት የሚሆኑት በገበያው ወቅት መሠረት ሊታቀዱ ይገባል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሥጋ ፈላጊ ስለሚቀንስ፣ ለፋሲካ የሚቀርብ ሙክት ከበዓሉ ሦስት ወር ያህል አስቀድሞ መቀለብ ይጀምራል። ለገናና ለእንቁጣጣሽም እንደዚሁ ወደ ኋላ መቁጠር ያስፈልጋል። አርቢዎች አንድ ላይ ሆነው ብዛት ያለው ሙክት ሲያቀርቡ በነጋዴ ፊት የመደራደር ኃይላቸው ከፍ ይላል።

ከዚህ ሁሉ የማኅበር መሪዎች ሊይዙት የሚገባ ተግባር አለ። የግልገሉ የልደት ቀን፣ እናቱና አባቱ እንዲሁም ክብደቱ በመዝገብ ካልሰፈረ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ምርጡን ሊለይ አይችልም። መዝጋቢ መመደብ፣ ሚዛን ማዘጋጀት፣ የአውራዎችን ዝውውር መቆጣጠርና የተዘዋዋሪውን ገንዘብ ሒሳብ በጉባኤ ፊት ማሳየት የመሪዎች ሥራ ነው። ከሁሉም በላይ የግዢው ጊዜ መታሰብ አለበት። የማዳበሪያ ዕዳ ወይም የትምህርት ቤት ወጪ የተጣደፈበት ገበሬ የማኅበሩን ስብሰባ ሊጠብቅ አይችልም። ምርጫው የሚካሄድበትና ገንዘቡ የሚከፈልበት ቀን ችግሩ ከሚጠናበት ወር በፊት ሊወሰን ይገባል፤ የማኅበሩ ገንዘብ ከዘገየ ምርጡን ጠቦት ነጋዴው ይዞት ይሄዳል።