የውክፔዲያ ፖርታሎችና ጠባቂዎቻቸው

በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን በዓለም አቀፉ ሰዓት ቀኑ ይለወጣል። ያኔ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ «ወቅታዊ ክስተቶች» በሚባለው ገጽ ላይ የአዲሱ ቀን ሳጥን ተራውን ይይዛል። ሳጥኑ የሚሞላው በርዕስ በርዕስ ነው፤ ጦርነትና ጥቃት፣ ጥበብና ባህል፣ ንግድና ኢኮኖሚ፣ አደጋ፣ ጤና፣ ፖለቲካ፣ ስፖርት። እያንዳንዱ ዜና ከአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። መጨረሻው ላይ ምንጩ ይያያዛል፤ በመሐል ያሉት የሰውና የቦታ ስሞች ሲጫኑ ደግሞ ወደየራሳቸው ጽሑፍ ይወስዳሉ። ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፈለው አዘጋጅ የለም። ከየአገሩ የሚገቡ ፈቃደኞች ይጽፉታል፣ ያርሙታል፣ ይከራከሩበታል። ቀኑ ሲያልፍም ገጹ አይጣልም፤ በየቀኑና በየወሩ ተሰድሮ ይቀመጣል።

ይህ ገጽ ፖርታል ከሚባሉት አንዱ ነው። ፖርታል ራሱ ጽሑፍ አይደለም፤ በአንድ ሰፊ ርዕሰ ጉዳይ ዙሪያ ያሉትን ጽሑፎች ለአንባቢ የሚያስተዋውቅ ገጽ ነው። መጽሐፍ ሻጭ ከመደርደሪያው ጥቂቱን መርጦ ደጃፉ ላይ እንደሚዘረጋው ሁሉ፣ ፖርታልም ከብዙ ሺህ ጽሑፍ መካከል ጥቂቱን ወደ ፊት ያወጣል።

ውክፔዲያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ነው። ጽሑፎቹ እየበዙ ሲሄዱ አንባቢ በዋናው ገጽ ብቻ የሚፈልገውን ማግኘት አስቸገረው። ፖርታል የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ የታየው በፖላንድኛውና በጀርመንኛው ውክፔዲያ ሲሆን፣ እንግሊዝኛው በ2005 ተቀበለው። በዚያው ዓመት ፖርታሎች የራሳቸው የስም ክልል ተሰጣቸው፤ ከዚያ ወዲህ የገጹ ርዕስ «ፖርታል» በሚለው ቃልና በሁለት ነጥብ ይጀምራል። ኪነ ጥበብ፣ የሕይወት ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበረሰብና ቴክኖሎጂ፣ እነዚህ ስምንቱ በእንግሊዝኛው ዋና ገጽ አናት ላይ ለረጅም ዓመታት ተቀምጠው ነበር።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። አንድ አዘጋጅ ስለ ቡና ፖርታል ሊሠራ ተነሣ እንበል። መጀመሪያ ቡና ምን እንደሆነ በጥቂት መስመር የሚገልጽ መግቢያ ያስቀምጣል። ከሥሩ «የተመረጠ ጽሑፍ» የሚል ሳጥን ይመጣል፤ እዚያ ውስጥ ስለ አረቢካ ቡና፣ ስለ ካፌይን ወይም ስለ ብራዚል የቡና ምርት የተጻፈው በየተራ ይወጣል። ቀጥሎ የተመረጠ ሥዕል አለ፤ ጀበና ሊሆን ይችላል፣ የተለቀመ ቀይ እሸት ሊሆን ይችላል። «ይህን ያውቃሉ?» የሚለው ሳጥን ደግሞ ከጽሑፎቹ ውስጥ የተነቀሱ አጫጭር እውነታዎችን ይይዛል። ታች የንዑስ መደቦች ዝርዝር፣ የተዛማጅ ፖርታሎች ማያያዣና ለአዘጋጆች የቀረበ የሥራ ዝርዝር ይገኛል።

ገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ እዚያው የተጻፈ ይመስላል እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። በቀድሞው አሠራር ለእያንዳንዱ ምርጫ ቁጥር የተሰጠው ንዑስ ገጽ ይከፈትና የፖርታሉ ዋና ገጽ ላይ ያለው መለጠፊያ (ሌላ ይዘት ስቦ ገጹ ውስጥ የሚያስገባ ዝግጁ ኮድ) ከቁጥሮቹ አንዱን በዕጣ አውጥቶ ያሳያል። ሰርቨሩ ግን አንድ ጊዜ ያዘጋጀውን ገጽ ይዞ ስለሚቆይ፣ አንባቢ መልሶ መላልሶ ቢገባም ያንኑ ምርጫ ሊያገኝ ይችላል። ብዙ ፖርታሎች «አዲስ ምርጫ አሳይ» የሚል ማያያዣ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው፤ እሱ ሲጫን የተያዘው ቅጂ ተጥሎ ዕጣው እንደገና ይወጣል።

ትልቁ ችግር የመጣው ከእነዚሁ ንዑስ ገጾች ነው። አዘጋጁ የጽሑፉን መግቢያ ቀድቶ እዚያ ካስቀመጠ በኋላ ዋናው ጽሑፍ መታደሱን ይቀጥላል፤ ቅጂው ግን በተቀዳበት ቀን እንዳለ ይቀራል። የሕዝብ ቁጥር ይለወጣል፣ ሚኒስትር ይሻራል፣ ሰው ይሞታል፤ ፖርታሉ የድሮውን ያወራል። ማንም የማይከታተለው ንዑስ ገጽ ደግሞ ለአበላሺ የተመቸ ነው። ታዋቂ ጽሑፍ ላይ የተጻፈ ስድብ ወዲያው ሊነሣ ይችላል፤ ንዑስ ገጽ ላይ ያለውን ግን አይቶ የሚያርመው ሰው እስኪገኝ ድረስ ረጅም ጊዜ ይቆያል። መፍትሔ ሆኖ የመጣው አዲስ ዓይነት መለጠፊያ ቅጂውን አስቀረ፤ መግቢያውን በቀጥታ ከዋናው ጽሑፍ ይስባል፤ እዚያ የታረመው እዚህም ታርሞ ይታያል።

በሚያዝያ 2018 በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከባድ ሐሳብ ቀረበ፤ ፖርታሎች ሁሉ ይሰረዙ የሚል። ያኔ ቁጥራቸው 1,500 ገደማ ነበር። ከሳሾቹ አንባቢ የላቸውም፣ ጠባቂ የላቸውም፣ ጊዜ አልፎባቸዋል አሉ። በእርግጥም ብዙዎቹ በቀን ጥቂት ጎብኚ ብቻ ነበራቸው፤ በዚያው ርዕስ ላይ ያለው ዋና ጽሑፍ ግን በብዙ እጥፍ ይነበባል። ክርክሩ ብዙ ሰው አሳትፎ በሚቀጥለው ወር ሲዘጋ ሐሳቡ ውድቅ ሆነ።

ደጋፊዎቹ ድሉን ይዘው ሥራ ጀመሩ። አዲሶቹን መለጠፊያዎች በመጠቀም ፖርታልን በጥቂት ደቂቃ ማውጣት ተቻለ፤ የጽሑፎቹን ምርጫ ማሽኑ ከተዘጋጀ የማያያዣ ዝርዝር ይወስዳል። በ2019 መጀመሪያ ቁጥራቸው ከ5,000 አለፈ። ርዕሶቹም እየጠበቡ ሄዱ። በጥቂት ጽሑፎች ብቻ የሚሸፈን ጉዳይ ሳይቀር ፖርታል ተከፈተለት፤ አንባቢው እዚያ የሚያገኘው ግን የዋናው ጽሑፍ ግርጌ ላይ ካለው ዝርዝር የተለየ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ጸደይ በማሽን የተሠሩት በሺዎች ተሰረዙ። ከዚያ ተራው ችላ ወደተባሉት አሮጌዎች ዞረ። እያንዳንዱ ለስረዛ ሲቀርብ መጨረሻ የታረመው መቼ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንዳየው፣ ጠባቂ ነኝ የሚል ይኖር እንደሆነ ይጠየቅ ነበር። በ2020 የቀሩት 500 ገደማ ናቸው። ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የነበረው መመሪያ ፖርታል ቢያንስ 20 ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል ይል ነበር፤ ቁጥሩን ያሟሉ ፖርታሎችም ጠባቂ በማጣት ተሰርዘዋል።

ሌሎች ቋንቋዎች በሌላ መንገድ ሄደዋል። በፈረንሳይኛው ውክፔዲያ በየጽሑፉ ግርጌ ጽሑፉ የሚመለከተውን ፖርታል የሚያሳይ ሰንደቅ ስላለ፣ አንባቢ አንድ ጽሑፍ ጨርሶ ወደ ሰፊው ርዕስ መሻገር ይችላል። በጀርመንኛው ብዙ ፖርታሎች አዲስ የገቡና ገና ያልተጻፉ ጽሑፎችን ይዘረዝራሉ፤ ስለዚህ ገጹ ለአንባቢ ብቻ ሳይሆን ለጸሐፊም የሥራ ቦታ ይሆናል።

15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ላለው የአማርኛው ውክፔዲያ የሚስማማው ይኸኛው የጀርመኖቹ ዘዴ ሊሆን ይችላል። ገና ያልተጻፈ ጽሑፍ ማያያዣው ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ቀዩን የሚጫን ሰው ባዶ የመጻፊያ ገጽ ይከፈትለታል። ስለ ቡና የሚሠራ የአማርኛ ፖርታል በሰማያዊ የተጻፉትን ከላይ፣ ቀዮቹን ከታች ቢደረድር፣ ስለ ይርጋጨፌም ሆነ ስለ ሲዳማ ቡና የሚያውቅ ሰው ከየትኛው መጀመር እንዳለበት ወዲያው ያያል። እንዲህ ያለው ገጽ በየቀኑ መታደስ አያሻውም፤ በወር አንድ ጊዜ መደቡን ከፍቶ ወደ ሰማያዊ የተለወጡትን ወደ ላይኛው ዝርዝር የሚያዛውር አንድ ሰው ይበቃዋል።