ቮልቴጅና ከረንት ሲታወቁ

በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ያረፈው ቮልቴጅና በውስጡ የሚያልፈው ከረንት ከታወቁ የቀረው የማካፈልና የማባዛት ሥራ ነው። ቮልቴጁ ለከረንቱ ሲካፈል የዕቃው ሬዚስታንስ በኦም ይገኛል፤ ሁለቱ ሲባዙ ደግሞ ዕቃው የሚወስደው ኃይል በዋት ይገኛል። ቮልቴጅ ግፊቱ ነው፤ ከረንት በግፊቱ ምክንያት የሚፈሰው መጠን፤ ሬዚስታንስ ደግሞ ፍሰቱን የሚይዘው የሽቦው እንቢታ።

ለዚህ ስሌት ከእንጀራ ምጣድ የተሻለ ዕቃ አይገኝም። ሞተር የለው፣ ኤሌክትሮኒክስ የለው፤ ከሸክላው ጀርባ በተቀረጹ ቦዮች ውስጥ የተጠመዘዘ የኒክሮም ሽቦ ብቻ ነው። በ220 ቮልት መስመር ላይ 16 አምፔር የሚስብ ምጣድ ቢወሰድ፣ 220 ለ16 ሲካፈል 13.75 ኦም፣ 220 በ16 ሲባዛ 3,520 ዋት ይሆናል። አንድ ሰዓት ተኩል ሲጋገርበት ቆጣሪው 5.28 ኪሎዋት ሰዓት ይመዘግባል።

የመጀመሪያው፣ የማካፈሉ ሕግ፣ የጀርመናዊው ጌኦርግ ሲሞን ኦም ነው። ኦም በኮሎኝ ሲያስተምር በሽቦዎች ላይ ሙከራ ያደርግ ነበር፤ ነገር ግን የዘመኑ ባትሪ ግፊቱ ስለሚዋዥቅ ውጤቱን ያበላሽበታል። መፍትሔ የሆነው ከመዳብና ከቢስሙዝ የተሠራ፣ አንዱ መጋጠሚያው በፈላ ውኃ፣ ሌላው በበረዶ ውስጥ የሚቀመጥ ምንጭ ነው፤ የሁለቱ ሙቀት እስካልተለወጠ ድረስ ግፊቱም አይለወጥም። በ1827 ያሳተመው መጽሐፍ በአገሩ በቅዝቃዜ ቢታይም የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በ1841 የኮፕሊ ሜዳልያ ሸልሞታል። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከከረንቱ ጋር ሳይሆን ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ ከሚሰጠው ቁጥር ጋር እንደሚሄድ አሳተመ።

የኦምና የጁል ግኝቶች ሲጣመሩ ኃይልን የማስያ ሁለት ተጨማሪ መንገዶች ይወጣሉ። በአንዱ ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ በሬዚስታንስ ይባዛል፤ በሌላው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ለሬዚስታንስ ይካፈላል። ብዙ ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፦ በመጀመሪያው መንገድ ሬዚስታንስ ሲጨምር ሙቀት ይጨምራል፣ በሁለተኛው ይቀንሳል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ወሳኙ ጥያቄ በመስመሩ ላይ ሳይለወጥ የሚቆየው ቮልቴጁ ነው ወይስ ከረንቱ የሚለው ነው።

ምጣዱ ራሱ የቮልቴጅ ተገዢ ነው። ሽቦው ሲበጠስ የተቃጠለውን ቆርጦ ጫፍና ጫፉን መቀጠል የተለመደ ነው። ከርዝመቱ አንድ አሥረኛው ከተቆረጠ ሬዚስታንሱ ወደ 12.4 ኦም ይወርዳል፤ ከረንቱ ወደ 17.8 አምፔር፣ ኃይሉ ወደ 3,900 ዋት ይወጣል። ከጥገና የተመለሰ ምጣድ ፈጥኖ መጋሉ ያስደስት ይሆናል፤ የ16 አምፔር ስፒናና ሶኬት ግን ለዚያ ከረንት አልተሠሩም። መስመሩ ሲደክምም ስሌቱ ይኸው ነው፦ 220 ቮልቱ ወደ 180 ቢወርድ ቮልቴጁ የቀነሰው 18 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ኃይሉ ወደ 2,360 ዋት፣ ማለትም በ33 በመቶ ይወርዳል። ምሽት ላይ ምጣዱ አልግል ሲል ጥፋቱ ሁልጊዜ የሽቦው ወይም የሊጡ አይደለም።

ሶኬቱ ውስጥ የላላ ብሎን ግን በሌላው መንገድ ይሰላል። መጋጠሚያው ግማሽ ኦም ቢኖረው፣ ይህ ከምጣዱ 13.75 ኦም አንጻር ትንሽ ስለሆነ ከረንቱ ከ16 አምፔር ብዙም አይርቅም። 16 በ16፣ ከዚያም በግማሽ ሲባዛ 128 ዋት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሙቀት የጥፍር ስፋት በማይሞላ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ስፒናው ይጠቁራል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ብሬከሩ የሚያየው ከረንቱን ብቻ ነው፤ ከረንቱ ደግሞ አልጨመረም፤ ስለዚህ ዝም ይላል።

በልኬት ጊዜ ቮልት መለኪያው ከዕቃው ጎን ለጎን፣ አምፔር መለኪያው ግን ከረንቱ በውስጡ እንዲያልፍ በመስመሩ መሐል ይገባል። ሽቦ ሳይቆረጥ የሚለካው ክላምፕ ሜትር ማቀፍ ያለበት ፌዙን ወይም ኒውትራሉን ለብቻው ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካቀፈ ከረንቶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄዱ ተጣፍተው ዜሮ ያሳያል። ቴስተር ኦም ላይ ሆኖ ኤሌክትሪክ ያለበትን መስመር ፈጽሞ መንካት የለበትም።

በቀዝቃዛ ዕቃ ላይ የተለካ ኦምም ሊያሳስት ይችላል። ባለ 100 ዋት የድሮው አምፖል በ220 ቮልት ሲበራ ስሌቱ 484 ኦም ይሰጣል፤ ጠፍቶ ሲለካ ግን ከዚያ ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ ላያሳይ ይችላል። የተንግስተን ክሩ ሲግል ሬዚስታንሱ ይንራልና። አምፖል ሊቃጠል ሲል አብዛኛውን ጊዜ ማብሪያው በተነካበት ቅጽበት የሚቃጠለውም በቀዝቃዛው ክር ውስጥ ብዙ ከረንት ስለሚገባ ነው። ኒክሮም በሙቀት የሚለወጠው በጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ የምጣዱ ስሌት ብዙ አይዛባም።

ሞተር ያለባቸው ዕቃዎች፣ እንደ ማቀዝቀዣና የውኃ ፓምፕ ያሉት፣ ሌላ ቁጥር ይጠይቃሉ። ተለዋዋጭ በሆነው የቤት መስመር ላይ ከረንታቸው ከቮልቴጁ ወደኋላ ስለሚቀር የሁለቱ ብዜት ከእውነተኛው ኃይል ይበልጣል፤ ልዩነቱን የሚያስተካክለው ፓወር ፋክተር ይባላል። በ220 ቮልት 5 አምፔር የሚስብ፣ ፓወር ፋክተሩ 0.8 የሆነ ፓምፕ የሚወስደው 1,100 ሳይሆን 880 ዋት ነው። የሞተሩን ጥምጥም ሬዚስታንስም ቮልቴጁን ለከረንቱ በማካፈል ማግኘት አይቻልም፤ መስመሩ ተነቅሎ በኦም መለኪያ ይለካል።